ቤቱ ይቆየን፦ ከአሜሪካ ባሕር ዳር ለሚመለስ ጡረተኛ የሚሆን ስሌት

ከባሕር ዳር መሐል ወጣ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች የሚዘዋወር ሰው ደጋግሞ የሚያየው አንድ ዓይነት ቤት አለ። ሥራው አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሟል። ፌሮው ከኮለኑ አናት ወጥቶ ዝጓል፤ መስኮቱ በቆርቆሮ ተጋርዷል፤ ግቢው ውስጥ አንድ ዘበኛ ከነቤተሰቡ ይኖራል። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ባለቤቱ አሜሪካ ነው ያለው፤ ጡረታ ሲወጣ ሊኖርበት ነው።»

እነዚህን ቤቶች ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የአንድ ሰው የሌሊት ፈረቃ አለ፤ በታክሲ መሪ ላይ ያለፈ ዕድሜ አለ፤ በሽተኛ ሲያነሣና ሲያስተኛ የተጎዳ ወገብ አለ። ሃያና ሠላሳ ዓመት ተቆጥቦ የመጣው ገንዘብ በሙሉ ወደ አሸዋና ሲሚንቶ ሄዷል። ባለቤቱ ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የልብ ሐኪም፣ የስኳር መድኃኒትና በችግር ቀን የሚሳፈርበት የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ለጡረታ የሚደረገው ስሌት ከእነዚህ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። ቤቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

እንዲህ የምለው መመለስን ለማስጠላት አይደለም። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ባሕር ዳር ብርድ ለሰለቸው አጥንት የተመቸች ናት። ጠዋት በዘንባባው ጥላ ሥር ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና ዳር ተቀምጦ የዘጌን ቡና መጠጣት፣ ሰላምታ የሚሰጥ ጎረቤት ማግኘት በዶላር የማይገዛ ሀብት ነው። ሀብቱ እንዲዘልቅ ግን ከሥሩ ያለው ሒሳብ መጽናት አለበት።

ገቢው ከየት ይመጣል?

አብዛኛው ተመላሽ የሚተማመነው በአሜሪካው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። ይህን ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ከሥራ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ፣ መሙላት ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ከ4 ክሬዲት በላይ ስለማይሰጥ ነገሩ የ10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። በ2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንዱ ክሬዲት የ1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር፤ በዓመቱ 7,240 ዶላር ያገኘ ሰው አራቱንም ሞልቷል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የሥራ ዘመንን የሚያደማምሩበት የጡረታ ስምምነት የላቸውም። ጎጃም ውስጥ 15 ዓመት ያስተማረ ሰው አሜሪካ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ቢሠራና ናፍቆት አላስችል ብሎት ቢመለስ፣ የመምህርነቱ ዘመን ለጎደለችው አንድ ዓመት አይሞላለትም። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ካለ፣ በግማሽ ቀን ሥራም ቢሆን ያችን አንድ ዓመት ሞልቶ ቢመጣ ዕድሜ ልክ ይጠቅመዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕድሜ ጥያቄ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱ ሙሉ ጡረታ የሚከፈለው በ67 ዓመት ነው። በ62 መጀመር ይቻላል፤ ዋጋው ግን የ30 በመቶ ቅናሽ ነው፤ ያም ለሁልጊዜ ነው። እስከ 70 የጠበቀ ሰው ደግሞ ከ67 በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ዓመት 8 በመቶ ይጨመርለታል። በ67 ዓመቱ 1,800 ዶላር የሚገባው ሰው በ62 ቢጀምር 1,260፣ በ70 ቢጀምር 2,232 ዶላር ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወር 972 ዶላር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ገንዘብ። ጤናው የተጓደለ ሰው ቀድሞ መጀመሩ አያስነቅፍም። ለቤቱ ጣሪያ ማልበሻ ተብሎ ቀድሞ መጀመር ግን የሚያስቆጭ ውሳኔ ነው።

ልጆቻቸው ዘግይተው ያስመጧቸው አረጋውያን ሁኔታ የተለየ ነው። ብዙዎቹ ሠርተው ክሬዲት አልሞሉም፤ የሚኖሩት ኤስ ኤስ አይ በሚባለው ድጎማ ነው። ይህ ድጎማ ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ሲሞላ ይቋረጣል። እናትን ወይም አባትን «አገርሽ ግቢ፣ አገርህ ግባ፤ ገንዘቡ ይደርስሃል» ብሎ መላክ ሳይታወቅ ያለ ገቢ ማስቀረት ነው። ከዚያ በኋላ ሸክሙ የልጆቹ ነውና አስቀድሞ ተነጋግሮ መወሰን ይበጃል።

የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው ጡረታው ኢትዮጵያ ውስጥም ይቀጥልለታል። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ግን ከስድስት ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ክፍያውን ሊያስቆሙ የሚችሉ ደንቦች አሉ። ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ግሪን ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤቱ ውጭ የሚኖሩ ጡረተኞች በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ መጠይቅ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በፖስታ ይልካል፤ መልሱ ካልደረሰው ክፍያውን ያቆማል። በእኛ ከተማ ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይዞር፣ ተመላሹ እንደደረሰ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መከራየት ይሁን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የወር ገቢ የሚያቆመው ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

ዶላሩና ብሩ

ብዙ ሰው በዶላር ጡረታ የሚያገኝ ተመላሽ ከብር መውደቅ ሁልጊዜ ይጠቀማል ብሎ ያስባል። የኋላውን ስናይ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም። በደርግ ዘመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር በ1985 መጀመሪያ 5 ብር ሆነ፤ በ2002 መጨረሻ ከ16 ብር አለፈ፤ በጥቅምት 2010 ወደ 27 ብር ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ሲታይ ዳገት ሳይሆን ደረጃ ነው፤ ለዓመታት ዝግ ብሎ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይዘላል።

ጡረተኛው የሚጎዳው ዝግ ባለበት ጊዜ ነው። ከ2014 ማለቂያ እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በባንክ የሚመነዘረው ዶላር ከ52 ወደ 57 ብር ብቻ ከፍ ሲል፣ የዋጋ ንረቱ በመጀመሪያ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ቀንሶም ወደ 20 በመቶ ነበር። በወር 1,000 ዶላር እያመጣ በባንክ የሚመነዝር ሰው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በየወሩ እየደኸየ ነበር፤ ዶላሩ ግን አንድም አልጎደለም። የአሜሪካው ጡረታ በየዓመቱ የሚስተካከለው በአሜሪካ ዋጋ ነው፤ ጭማሪው በ2023 እንደነሱ አቆጣጠር 8.7፣ በ2024 3.2፣ በ2025 2.5 በመቶ ነበር። የባሕር ዳር የጤፍ ዋጋ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወር ወጪ በጀት ሲሠራ ዛሬ ባለው ምንዛሬ ተመንዝሮ እስከ መጨረሻው ሣንቲም መደልደል የለበትም፤ ሩብ ያህሉ ለሚቀጥለው የዝግታ ዘመን ክፍት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወደ ብር አይለወጥ። የወሩ ለወሩ ይመንዘር፤ መጠባበቂያው አሜሪካ ባለው ሒሳብ ወይም እዚህ ባንኮች ለዳያስፖራ በሚከፍቱት የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ይቀመጥ። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ግብርም የትም ቢኖር ይከተለዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለተመላሹ ጎረቤት የሚሆነው ጡረተኛ በብር የሚኖር ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲያዋጡለት የኖረው በብር ነው፤ የምንዛሬው ደረጃ በዘለለ ቁጥር ለእርሱ የሚጨመርለት የለም። ተመላሹ ቤት ሲከራይ፣ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ «ርካሽ ነው» ብሎ የተጠየቀውን ሲከፍል ይህ ጎረቤት ከገበያ እየወጣ መሆኑን ቢያስብ ደግ ነው።

ጤና፦ ሁሉም ስሌት የሚፈርስበት ቦታ

ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግ ሕክምናን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይሸፍንም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያውቁ የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ ያወቁት የሆስፒታል ደረሰኝ እጃቸው ላይ ሲገባ ነው።

የሜዲኬር «ክፍል ኤ» የሚባለውን፣ የሆስፒታል መኝታን የሚመለከተውን፣ 40 ክሬዲት የሞላ ሰው ወርሃዊ ክፍያ ሳይከፍል ይይዘዋል። የሐኪም አገልግሎትን የሚሸፍነው «ክፍል ቢ» ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ መደበኛው ክፍያ በ2025 185 ዶላር ነበር። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው «የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ?» ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። ክፍያውን አቁሞ ሲታመም መመለስ ቢፈልግ ግን፣ ሳይሸፈን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በወርሃዊ ክፍያው ላይ ይጨመርበታል፤ በአብዛኛው ለዕድሜ ልክ። አምስት ዓመት ያቋረጠ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፍላል። መመዝገቢያው ጊዜም በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ በታመመበት ሣምንት መግባት አይችልም። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ልጆቹ አሜሪካ ያሉ ሰው፣ ለከባድ ሕመም ወደዚያ የመመለስ ሐሳብ ካለው፣ ክፍል ቢን አያቋርጥ። ፈጽሞ እንደማይመለስ የወሰነ ሰው ያቋርጥ፤ ያን ገንዘብ ግን ሌላ ወጪ እንዳይበላው በየወሩ ለሕክምና ያስቀምጠው።

ከተማችን ያለ ሐኪም የቀረች አይደለችም። ፈለገ ሕይወት አለ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን አለ፤ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አሉ። ደም ግፊትና ስኳር እዚህ ይከታተሉታል፤ ስብራትም ትርፍ አንጀትም እዚህ ይታከማል። ውስብስብ የሆነው የልብ፣ የካንሰርና የነርቭ ሕክምና ሲመጣ ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል። ለዚያ የሚሆነው ገንዘብ በዶላር፣ በአንድ ቀን ሊወጣ በሚችል ሒሳብ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ቤት በአንድ ቀን አይሸጥም። ታማሚው አልጋ ላይ ሆኖ ያላለቀ ቤት ለመሸጥ ደላላ ማፈላለግ ከሕመሙ የባሰ ሕመም ነው።

መድኃኒት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ለዓመታት የተለመደው ክኒን እዚህ በሌላ ስም ሊገኝ ይችላል፤ ለጊዜው ሊጠፋም ይችላል። ተመላሹ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን በንጥረ ነገሩ ስም አስጽፎ ይምጣ፤ ቢያንስ የጥቂት ወራት ይዞ ይምጣ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚያቆይበት መላ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ወባንም እንዳትረሱ። የጣና ዳር የወባ አገር ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሃያ ዓመት ውጭ ከቆየ ሰውነቱ የነበረውን መቋቋም አጥቷል፤ በ68 ዓመት የሚያዝ ወባ በልጅነት የሚያውቀው ወባ አይደለም። አጎበር፣ የመስኮት ወንፊትና ትኩሳት በተሰማ ዕለት መመርመር ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ግዴታ ናቸው።

ሰው ያለው ሰው ወጪ

በአሜሪካ የጡረታ በጀት ውስጥ የማይታይ አንድ መደብ እዚህ አለ። እድር አለ፤ ማኅበርና ሰንበቴ አለ፤ የጎረቤት ልጅ ክርስትና፣ የወንድም ልጅ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ አርባ፣ ተዝካር አለ። የእህት ልጅ የኮሌጅ ክፍያ አለ። ከውጭ የመጣ ሰው «ያለው» ተብሎ ስለሚታሰብ ድርሻው ከሌላው ይልቃል። ይህን ወጪ እንደ ብዝበዛ የሚያዩ ተመላሾች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ሰው አገሩ የሚመለሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው እንዲኖር ነው፤ እድሩም ለቅሶውም የዚያ መዋጮ ነው። የሚጎዳው መጠኑ ሳይወሰን ሲቀር ነው። የወሩ ድርሻ አስቀድሞ ተቆርጦ ቢቀመጥ፣ ሲያልቅ «የዚህ ወር አልቋል፤ በሚቀጥለው ወር እናስብበት» ማለት ይቀላል። ቁጥር ያለው እምቢታ ዘመድ አያስቀይምም።

ቤቱስ?

ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በሚሰጠው መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው፣ ያለ ቪዛ መኖር፣ መሥራትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ማፍራት ይችላል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ይህ ካርድ የተመላሹ ዋና ሰነድ ነው። መሬት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝ ሲሆን ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው። ሕጉ እንግዲህ በሩን አልዘጋም።

በሩ የሚጠበው በሥራው ላይ ነው። በውክልና የሚሠራ ቤት ውክልናውን ለያዘው ዘመድም ለባለቤቱም ፈተና ነው። ባለቤቱ በሌሊት ፈረቃው ዕረፍት ላይ ስልክ ደውሎ የሲሚንቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዘመዱ ትናንት የነገረው ዋጋ ዛሬ ተለውጧል፤ ባለቤቱ ይጠረጥራል፤ ዘመዱ ይቀየማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ብሩ ደረጃውን ሲዘል ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ሴራሚክ አብረው ይዘላሉ፤ ለሦስት ፎቅ የታሰበው ገንዘብ አንደኛው ላይ ያልቃል። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ተከራይቶ መኖርን እመክራለሁ። ከሆስፒታል ምን ያህል መራቅ እንደሚቻል፣ ደረጃ መውጣት ለጉልበት እንዴት እንደሆነ፣ ውሃ በየትኛው ሰፈር እንደሚጠፋ የሚታወቀው በመኖር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ቤት ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ወለል ይሆናል፤ ዋጋውም ከታሰበው ያንሳል።

አንድ ማሳያ

ለምሳሌ ያህል ባል 1,700፣ ሚስት 900፣ በድምሩ 2,600 ዶላር የሚያገኙ ባልና ሚስት እንውሰድ። ከዚህ 1,100 ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለቤት ሠራተኛ፣ ለባጃጅና ለመብራት ይሁን፤ ለሁለት ሰው የሜዲኬር ክፍል ቢ በ2025 ተመን 370፤ ለሕክምና መጠባበቂያ 400፤ ለቲኬት 300፤ ለእድርና ለዘመድ 250። 180 ዶላር ይተርፋል፤ እርሱም ሳይነካ ይቀመጥ። የቲኬቱ ገንዘብ በ18 ወር 5,400 ዶላር ይሆናል፤ ሁለቱን የልጅ ልጅ ለማየት ያደርሳል፤ ባይሄዱ ለክፉ ቀን ይሆናል።

አሁን ባልየው አረፈ እንበል። የሶሻል ሴኩሪቲ ደንብ ለቀሪዋ ከሁለቱ ትልቁን ያስቀርላታል፤ ትንሹ ይቆማል። ሚስት 1,700 ዶላር ይኖራታል። ኪራዩ ግን አልቀነሰም፤ የቤት ሠራተኛ ደመወዙም እንዲሁ። የብዙ ሰው በጀት ሁለት ሆኖ ሲኖር ብቻ የሚሠራ ነው። ከመመለስ በፊት ሒሳቡን ሁለቴ፣ አንድ ጊዜ ለሁለት፣ አንድ ጊዜ ለብቻ ለምትቀር ሴት፣ መሥራት ያስፈልጋል። ከፍተኛ ጡረታ ያለው ሰው እስከ 70 ቢጠብቅ የሚጠቀመው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የምትቀረው ጭምር ናት።

የክልላችን ሁኔታም በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከዚያ ክረምት ወዲህ ግጭቱ የከተማዋን ኑሮ ነክቶታል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድም በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በኢንተርኔት ብቻ የሚደረስበት የአሜሪካ ባንክ ሒሳብ በእንዲህ ያለው ወር ሩቅ ነው፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን የሚቀበል የአሜሪካ ስልክም እንዲሁ። የሦስት ወር ወጪ በብር በአገር ውስጥ ባንክ መያዝ፣ ለታመነ ልጅ አሜሪካ ላይ የባንክ ውክልና መስጠት፣ በመኪና የታሰበውን ጉዞ በአውሮፕላን ዋጋ ማስላት አስፈላጊ ይሆናል።

ለሙከራ የሚመጣ ሰው ካለ በጥር አይምጣ። በጥር ሐይቁ ሰማያዊ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጥምቀት ነው፤ ዘመድ ሁሉ ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ውሳኔም በደስታ ይወሰናል። በሐምሌ ይምጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጭቃው ባጃጁን ሲይዝ ይየው። ወባው እስከሚያልፍበት እስከ ኅዳር ይቆይ፤ መድኃኒቱን ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ይግዛ፤ ከሐኪሙ ጋር ይተዋወቅ፤ እድር ይግባ። በኅዳር መጨረሻ አሁንም መቅረት ከፈለገ፣ ያን ጊዜ መሐንዲስ ይጥራ።